ከቀኝ የተጀመረው በረሃ

መጋቢት 24፣ 2017፤ ቡታጅራ

መርካቶ የሚነግደው ሙባሪክ ዛሬ መኪናውን የሥዕል ሱቄ በር ላይ አቆመ፤ አልወረደም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ዱባይ ያረፈበት ሆቴል ግድግዳ ላይ ያየው ሥዕል ነው፤ አምስት ቦታ የተቆረጠ በረሃ። «ይሄንን ለአዲሱ ሳሎኔ ትሠራልኛለህ» አለ። «አምስቱ ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሰቀል አንድ ሥዕል ይሆናል። ገባህ?» እኔ ብሩሽ ይዤ ጸጉሬ ገብስማ ሆኗል፣ እሱ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያስረዳኛል። ገባኝ አልኩት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

ለአረፋ መድረስ አለበት። ለአረፋ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው የመስቃን ልጅ ሁሉ ዘግቶ ወደዚህ ይመጣል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ይጠያየቃል፣ ማን ምን እንደሠራ ያያል። ያኔ ሙባሪክ ሳሎን ውስጥ የእኔ እጅ ከተሰቀለ ሌላውም «የማን ሥራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ካልሆነ ሚስቴ ረድኤት ያለችው ይሆናል።

ያለችው ይሄ ነው፦ ይህ ሥራ ሌላ ሥራ ካልጠራ ሱቁን ዘግቼ ወልቂጤ፣ ወንድሟ ሰይፉ ማተሚያ ቤት እገባለሁ። ሰይፉ አንድ ትልቅ ማሽን አለው፤ ከኢንተርኔት ያወረደውን ሥዕል ጨርቅ ላይ እየተፋ ያወጣል። እኔ ደግሞ የተፋውን ፍሬም ላይ እወጥርለታለሁ ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

መጋቢት 27

ቤቱን ለካሁ። ሳሎኑ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ድረስ ክፍት ነው። የምንኖርበት ቤት ከነጓዳው ቢገባበት ቦታ ይተርፋል። ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳ በቀኝ ከመግቢያው በር ይጀምርና በግራ እስከ ደረጃው ይሄዳል። የሙባሪክ ሚስት ናጃህ ከኋላዬ እየተከተለች እኔ የረገጥኩትን ወለል ትወለውላለች።

«ባዶ አሸዋ ብቻ አይን ይሰለቻል። ሁለት ግመል ላስገባበት» አልኳት።

«ነፍስ ያለው ነገር አይገባም። እማ የምትሰግደው እዚህ ነው።»

«ከሩቅ የሚታዩ፣ ትንንሽ?»

«ትንሽ ነፍስ የሚባል አለ እንዴ?»

ሜትሬን በንዴት ጠቀለልኩ። እማ የምትላቸው የሙባሪክ እናት፣ እማማ ሳፊያ ናቸው። አይናቸው ደክሟል፤ ቅርጽ እንጂ ፊት አይለዩም። ጥግ ላይ ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ስገባ «ማነው?» አሉ። «ሠዓሊው ነው እማ» አለቻቸው ናጃህ። ስወጣም «ማነው?» አሉ። ያው እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 2

ዝናብ። ለሥዕሉ የወጠርኩት አቡጀዲ አልደርቅ አለ። መብራት የለም። ጀርባው ላይ ባህር የተሣለበት ባጃጅ በሱቄ ፊት ሲመላለስ ዋለ። ቀለሙ ተልጧል። ሥራው የእኔ ነው፣ የድሮ ሥራ። የአሁኑ ሹፌር ለምን አስፍቆ ሌላ አያስቀባበትም? ሰው የራሱን የተላጠ ሥራ ቀኑን ሙሉ እንዲያይ መገደድ የለበትም።

ሚያዝያ 5

በረሃ አይቼ አላውቅም። ቡታጅራ ተወልጄ፣ ዘቢዳር ተራራን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እኔ የማውቀው አረንጓዴ ነው። ለሆቴሎች ፏፏቴ ሣልኩ፣ ለፀጉር ቤቶች ሴት ሣልኩ፣ ለባጃጆች ነብርና አንበሳ። አሸዋ ግን ሣል ያለኝ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት ሙባሪክ ግቢ ሄጄ ከግንባታ የተረፈውን የአሸዋ ክምር ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳየው ዋልኩ። ጥላው ቡናማ አይደለም፤ ወደ ሐምራዊ ይወስዳል። ፀሐይ ሲመታው ጫፉ ቢጫ ሳይሆን የልጅ ጥርስ ነው የሚመስለው። ይህን የሰይፉ ማሽን አያውቅም። ጥበቃው መጥቶ «ምን ልትወስድ ነው?» አለኝ። አሸዋውን እያየሁ ነው አልኩት። «እሱን አይደል የምልህ፤ አሸዋ ነው የሚሰረቀው» ብሎ አስወጣኝ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየኝ።

ማታ ለረድኤት ስነግራት ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር፣ ግን በእኔ ላይ መሆኑን አልወደድኩትም።

ሚያዝያ 13

ሰይፉ ከወልቂጤ ለፋሲካ መጥቶ አድሯል። ዛሬ ሱቄ ገብቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አምስቱን ሸራ ዞራቸው። ሦስቱ ገና ነጭ ናቸው።

«ይቴ፣ ይሄን እኮ በአንድ ጠዋት አወጣዋለሁ» አለ፤ ይታገሱ የሚለውን ስሜን እንደዚህ ነው የሚያሳጥረው።

«አውቃለሁ።»

«ቀለሙም አይለቅም። ዋስትና አለው።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«ታዲያ ምን ያደክምሃል? እልህ ነው?»

እህቱ ፊት ሊደግመው ስለሚችል ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ። ደሜ ግን እስካሁን ይፈላል። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ሲሄድ ለልጆቼ ደብተር ገዝቶ ሄደ፤ የእኔን ልጆች ደብተር።

ሚያዝያ 21

ናጃህ መጣች። ሰማዩ ቀልቷል፣ ከመጋረጃዋ ጋር ይጣላል አለች። የመጋረጃውን ቁራጭ ይዛ መጥታ ሰማዩ ላይ ለጠፈችው። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ መጋረጃዋም ቀላ። በእኔ አሳበበች። ሙባሪክ ደግሞ ከአዲስ አበባ በድምፅ መልእክት «ሚስቴ ያለችህን አድርግ፣ አትከራከራት» ብሎ ላከ። መልእክቱ ላይ ከጀርባው የሰው ሳቅ ይሰማል።

ለምሳ ወጥቼ ምግብ ቤት ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ወንድሙን በረሃ ወስዶበት እሱ በረሃ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል» አለ አንዱ። ሌላው «ሰው ሲከብር ይረሳል» አለ። እንጀራውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ወንድሙ ሙንታሲር ነው፣ የሙባሪክ ታናሽ። ባጃጁን ሸጦ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ ሄደ። መጨረሻ የደወለው ከበረሃው መሃል ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ ያለም የለም፣ አለ ያለም የለም፣ ቤታቸውም ለቅሶ አልተቀመጠም። እኔ ሙንታሲርን አላውቀውም ማለት ይቻላል። ባጃጁን ቀባሁለት፣ አለቀ። ሌላው ሁሉ ነብር ሲለኝ እሱ «ባህር አድርግልኝ» አለ። ስቀባም አጠገቤ ተቀምጦ ሲያወራ ዋለ። እግሩን ኳስ ሜዳ ሰብሮት ስለነበር ብዙ መቆም አይወድም። ይኸው ነው የማውቀው።

ግንቦት 3

አምስተኛው ሸራም አለቀ። የመጀመሪያው ላይ ትልቁ የአሸዋ ኮረብታ በግራ ይነሣል፤ ከዚያ በየሸራው እየወረደ፣ እየወረደ፣ አምስተኛው ላይ ሜዳ ይሆናል። አድማሱ ከሸራ ወደ ሸራ ሲሻገር ፀጉር እንኳ አያስገባም። ይህን ሥራ ብዬ ለማንም ማሳየት እችላለሁ። ለራሴ እንዲህ ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ግን ባዶ ነው። በዚህ ሁሉ አሸዋ ላይ አይን የሚያርፍበት የለም። ግመል የለም፣ ዛፍ የለም፣ ድንኳን የለም፤ ዛፍና ድንኳን ልጨምር ብላትም ናጃህ እምቢ አለች። ታዲያ ዛሬ በንዴት ትንሿን ብሩሽ አነሣሁና የእግር ዱካ አስገባሁበት። ዱካ ነፍስ የለውም፤ እስቲ ሼኪ ጠርታ ታጣላኝ። የመጀመሪያው ሸራ ላይ ከፊት ትልልቅ ሆኖ ይጀምራል፣ እየራቀ እየራቀ ያንሳል፣ አራተኛው ላይ ይጠፋል። አምስተኛው አሸዋ ብቻ። ንፋስ የበላው ዱካ ስለሆነ ጣት የለው ተረከዝ የለው፣ ጉድጓድ ብቻ ነው። የአንደኛውን እግር ከሌላው ጠለቅ አደረግኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኩል ሲሆን የማሽን ይመስላል፣ ለዚያ ይሆናል።

በናጃህ ተናድጄ ነው ያደረግኩት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ግንቦት 14

ተጣላን። ቃል በቃል ልጻፈው፤ ነገ «እንዲህ አላልኩም» እንዳልል።

ናጃህ ሱቅ ገብታ ከመጀመሪያው ሸራ ጀምራ አየች። ፊቷ እየበራ ነበር። ሁለተኛውን ስታይ ቀረብ አለች። ዱካው የሚጠፋበት አራተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዱካ ነው። ነፍስ የለውም።»

«አጥፋው።»

«ለምን?»

«በእኛ ቤት በበረሃ የሄደ ልጅ እንዳለ አታውቅም?»

«ታዲያ በረሃ ለምን መረጣችሁ?» አልኳት። አፌን ሞልቼ። «የመረጠው ባልሽ ነው። እኔ አሸዋ ተባልኩ፣ አሸዋ ሣልኩ። አሸዋ ላይ ሰው ይሄዳል።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሙባሪክ ሆቴል ውስጥ ያየውን ሁሉ ይፈልጋል፤ አያስብም» አለች። «አንተ ግን አስበህ ነው።» ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ በሩ ላይ ዞር አለች። «አረፋ ደርሷል፣ ግድግዳው ባዶ ሆኖ እንግዳ አልቀበልም። ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ፣ አጎቴ ይሰቅለዋል። እማ አይኗ ደክሟል፣ ላታየው ትችላለች። ካየችው ግን በአንተ ነው። ቤቴ ደጃፍ እንዳትደርስ።»

የጎረቤት ልብስ ሰፊ ሁሉን ሰምቷል። ማሽኑን አቁሞ ነበር የሚሰማው።

ግንቦት 15

የአሸዋውን ቀለም በጠበጥኩ። ልክ መጣ፣ ከሥዕሉ ጋር አንድ ነው። ብሩሹን ነክሬ ዱካው ላይ አቀረብኩት። እጄ እምቢ አለ። ቀለሙ ሳህኑ ላይ ደረቀ።

ምን አይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 24

ፒክአፕ መጥቶ አምስቱንም ጫነ። በየጀርባቸው ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር በትልቁ ጽፌያለሁ፣ ሕፃን እንኳ አይሳሳትም። ሱቁ ባዶ ሆነ። ግድግዳው ላይ የተንጠባጠበ አሸዋማ ቀለም ብቻ ቀርቷል።

ረድኤት ዛሬ ማታ «ጥሩ ሠርተሃል» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር እንዳልሰማ ሆንኩ። ደግማ አላለችም።

ግንቦት 29፤ አረፋ

ቡታጅራ ከንጋት ጀምሮ የመስጊድ ተክቢራ ነው የሚሰማው። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያልተለጠፈበት መኪና የለም። ከጎረቤት የአረፋ ዳቦ መጣልን፣ ልጆቹ በሉ። እኔ ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። አንድ ሰው ቢደውል፣ አንድ «የማን ሥራ ነው» የሚል።

የደወለው ሰይፉ ነው። ገና ሃሎ ሳልል ይስቃል።

«ይቴ፣ በረሃህ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶበታል እንዴ?»

ፎቶ ላከልኝ። አንድ የሙባሪክ እንግዳ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ የለቀቀው ነው። አድማሱ ተሰባብሯል። ትልቁ ኮረብታ በቀኝ፣ በሩ ጋ፣ ግማሹ ተቆርጦ ቆሟል። ሜዳው በግራ ደረጃው ጋ ነው። በየመገናኛው አሸዋው እንደ ደረጃ ይዘላል። ከሥሩ አንዱ «ሠዓሊው ሲሠራ ስንት ጠጥቶ ነው?» ብሎ ጽፏል። እኔ ጠጥቼ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ።

የሰቀለው ሰው ከቀኝ ጀምሯል። አንድን ቀኝ ጫፍ ላይ፣ አምስትን ግራ ጫፍ ላይ።

ሁሉም እያዩት ነው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት። ከመርካቶ የመጣው ሁሉ ሻይ ይዞ ከፊቱ ተቀምጦ።

ሰኔ 1

ድሪሌን፣ ብሎኖቼንና የሲሊኮን ማጣበቂያዬን በሻንጣ ይዤ ሄድኩ። ደጃፌ አትድረስ ያለችኝን አልረሳሁም። ቢያስፈልግ በሩ ላይ እደባደባለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ሙባሪክና ናጃህ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ወጥተዋል። የከፈተልኝ የናጃህ አጎት ሼህ አብዱልሃፊዝ ናቸው፣ መድረሳ ቁርኣን የሚያስተምሩት። የሰቀሉትም እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ።

«ሼኪ፣ ቁጥሩን አላዩትም?» አልኳቸው። ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩም።

«አየሁት እንጂ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በተርታው ነው የሰቀልኩት።»

«ከቀኝ ጀመሩት!»

«ታዲያ ከየት ይጀመራል?» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው «ሰው በበሩ ነው የሚገባ፣ በሩ ያለው በቀኝ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ከቀኝ ጀመርኩ። ቁርኣንም ከቀኝ ነው፣ ጫማም ከቀኝ ነው» አሉ። እኔ ስጽፍ ማንም ሰው ከግራ እንደሚጀምር ጥርጥር አልነበረኝም። እሳቸውም ስለ ቀኝ ጥርጥር አልነበራቸውም። አድማሱ አልገጠመም ብላቸው «አምስት ሥዕል መሰለኝ» አሉኝ። የሚያናድደው አለመናደዳቸው ነው። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደረሰብኝ ብለው ወደ መስጊድ ወጡ።

መሰላሉን አቁሜ አምስተኛውን፣ በግራ ያለውን፣ ላወርድ ብሎኑን ማላላት ጀመርኩ።

«ማነው?»

እማማ ሳፊያ ናቸው። ከድሮ ቦታቸው ተነሥተው ወንበራቸው ግድግዳው ፊት ለፊት ሆኗል። ሳላያቸው ነው የገባሁት።

«ሠዓሊው ነኝ እማማ። ተሳስቶ ተሰቅሏል፣ ላስተካክለው ነው።»

«ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ተራው ተገልብጧል።»

ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አዞሩ። ከዚያ «ና ውረድ» አሉኝ። ወረድኩ። እጄን ይዘው በጣታቸው ወደ ግራ ጥግ አመለከቱ። አይናቸው የአድማሱን ስብራት አያይም። ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ነው የሚያይ።

«እዚያ ምንም የለም፤ ባዶ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ትንሽ ነገር አለ፣ እኔ በደንብ አይታየኝም፣ ናጃህን ስጠይቃት ዱካ ነው አለችኝና ወጥ ላማስል ብላ ሄደች። ከዚያ ይተልቃል። ከዚያ ይተልቃል። እዚህ በሩ ጋ ሲደርስ እኔ እንኳ አየዋለሁ።» እጄን ጠበቅ አደረጉት። «እየመጣ ነው አይደል?»

በሌላው እጄ የያዝኩትን ድሪል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«አንዱን እግሩን ተጭኖ ነው የሚራመድ» አሉ። «አየሁት እኮ። አንዱ ጉድጓድ ከሌላው ይጠልቃል። ኳስ የሰበረው እግሩ ነው። አንተ ባጃጁ ላይ ባህር የሣልክለት ልጅ አይደለህም? ስላንተ ያወራ ነበር። ሲሥል ያዳምጠኛል ይል ነበር።»

እኔ ይህን አላሰብኩትም። እምላለሁ፣ ስሠራው አላሰብኩትም።

«ለሙባሪክ እንዳትነግረው» አሉኝ። «አበደች ብሎ ሐኪም ቤት ይዞኝ ይሄዳል። በዚህ ቤት የሙንታሲር ስም ሲነሣ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ሙባሪክ ስልክ ይመጣበታል፣ ናጃህ ድስት ይቃጠልባታል። እኔ ነኝ ሥራ የሌለኝ።»

ተነሥቼ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። አድማሱን አየሁት። ከቅርብ ሲታይ ይብሳል። ይህን ሁሉ ወር የለፋሁበት መስመር፣ አንድ ሰው ብቻ ሊያደርገው የሚችለው መስመር፣ እንደ ተሰበረ ሳህን። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው ማስተካከሉ። አስተካክዬ ፎቶ አንሥቼ ቴሌግራም ላይ ብለቀው የሳቀው ሁሉ ያፍራል። ይህን አሰብኩ። አላሰብኩም አልልም።

ያላላሁትን ብሎን መልሼ አጠበቅኩት። ከዚያ በየማዕዘኑ ጨመርኩበት፣ ከአምስቱም ጀርባ ሲሊኮን ጨመቅኩ፣ ግድግዳው ላይ ተጭኜ ያዝኩት። አንዱንም ማንሣት የሚፈልግ የግድግዳውን ጂፕሰም አብሮ መገንጠል አለበት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉ ከታች።

«እያጠበቅኩት ነው።»

«እንዳይወድቅ?»

«እንዳይነቃነቅ እማማ።»

መረቁኝ። እኔ ግን ስወጣ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ 4

ሙባሪክ መጣ። ዛሬ ከመኪናው ወረደ።

«ልታስተካክል ገብተህ አጣብቀኸው ወጣህ ይሉኛል። ጤነኛ ነህ?»

«እንደዚያው ነው መሆን ያለበት።»

«አድማሱ ተሰብሯል እኮ! ዕውር ያየዋል!»

ዕውር ያየዋል ሲል ፊቱን አየሁት። ያለውን አልሰማውም። «ስልቱ ነው» አልኩት። «አዲስ ስልት ነው፤ ከቀኝ የሚጀመር።»

«የአረፋ እንግዳ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። እናቴ ብቻ ናት ከፊቱ የማትነሣ፤ እሷም ስለማታይ ነው።» ጣቱን ደረቴ ላይ አደረገ። «መርካቶ ውስጥ ላለው የቡታጅራ ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ሠዓሊው ይታገሱ ሁለት መስመር ማጋጠም አይችልም እላለሁ። ከዚህ በኋላ በር የመቀባት ሥራ እንኳ አታገኝም።»

ልነግረው እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ለእሱ አዝኜ ሳይሆን ልጎዳው። ከዚያ የእማማ ሳፊያ እጅ ትዝ አለኝ።

«ተናገር» አልኩት። «ማጋጠም አልችልም።»

ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሞ ይሰማ ነበር።

ሰኔ 9

ረድኤት ፎቶውን አየችው፣ የሙባሪክንም ወሬ ሰማች። «ጥሩ ሠርተሃል ያልኩህ በዓይኔ አይቼው ነው፤ ገጥሞ ነበር» አለች። «ለምን አላስተካከልከውም?» «እንዲሁ» አልኳት። እልኸኛ ነህ አለችኝ፣ ትዕቢተኛ ነህ አለችኝ፣ በልጆችህ እንጀራ ነው የምትጫወተው አለችኝ። ሁሉም እውነት ነው፤ በሌላ ጊዜ።

የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ መለስኩ። ብሩሾቼን በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው። ስወጣ ያ ባጃጅ ቆሞ ሰው ይጭናል። ባህሩ ተፍቋል። አዲሱ ሹፌር ቀይ ቀለም አስቀብቶታል፣ ምንም ያልተሣለበት ቀይ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔው ነኝ ይፋቅ ስል የከረምኩት።

ሰኔ 27፤ ወልቂጤ

የሰይፉ ማሽን ሙሉ ቀን ይንጫጫል። ተራራ ያወጣል፣ ሐይቅ ያወጣል፣ ጽጌረዳ ያወጣል። እኔ እወጥራለሁ፣ ስቴፕል እመታለሁ። ዛሬ አምስት ቦታ የተቆረጠ በረሃ የጠየቀ ደንበኛ መጣ። ሰይፉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለሰውየው «አታስብ፣ የእኔ ማሽን አድማስ አይሰብርም» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

«አይሰብርም» አልኩ እኔም።

ሰኔ 30

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሰይፉ ቤቱ ሄዷል፣ እኔ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ናጃህ ደወለች። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች አላውቅም። ከሰላምታ በፊት «እማን ምን ነገርካት?» አለች።

«ምንም።»

«ማታ ማታ በሩን አታስቆልፍም። ክረምት ገብቷል፣ ውሃ እየገባ ነው፣ ወለሉ እየተበላሸ ነው። ሙባሪክ ሲዘጋው ተነሥታ ትከፍተዋለች። ለምን ስንላት ዝም ትላለች።»

«ምንም አልነገርኳትም ናጃህ።»

ስልኩን የምትዘጋ መሰለኝ፤ አልዘጋችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማት ይመስለኛል።

«ትናንት ወለሉን ስወለውል ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁት» አለች። «አንዱ እግር ይጠልቃል። አካሄዱ ነው። የእሱ አካሄድ ነው አይደል? አውቀህ ነው የሣልከው?»

ሥራ በዝቶብኛል አልኳትና ዘጋሁት። ማሽኑ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ የነካሁት ነገር የለም።